ስም ያልተጻፈበት ትዕዛዝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለጭምቱ፤

እንደምን ከረምክ? ለወጉ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። የአውቶቡሱ ሹፌር ደብዳቤህን ሲያቀብለኝ «ወንድምሽ ከስቷል» አለኝ። አንተ ደግሞ በአንድ ገጽ ውስጥ «ደህና ነኝ» የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፈኸዋል። ደህና ሰው አንዴ ብሎ ነው የሚያልፈው።

እማዬ ደህና ናት፤ ጆሮዋ ብቻ ብሶባታል። ማታ ከችሎት ስመለስ «ዛሬስ ስንቱን አሰርሽ?» ትለኛለች። «ዛሬ እንኳ ፈታሁ» ስላት አትሰማኝም። አንተ ማረሚያ ቤት መሥራትህን እስካሁን አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ቁልፍ በወገብህ አይታ የዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚሠራው ብላ ወስዳዋለች። እኔም አላረምኳትም፤ ትተኛበት።

ለጠየቅከኝ ነገር፣ አዎ፣ እውነት ነው። ስለ ሥራ ላንጻጻፍ ተማምለናል፤ ይሄ ግን በግልጽ ችሎት ተነቦ አገር የሰማው ስለሆነ መሐላችንን አያፈርስም። ድልድዩ የወደቀ ለት ፎቶ ያነሳው ሰው፣ እናንተ ዘንድ ያለው፣ ክስ ሳይመሠረትበት ይሄን ያህል ጊዜ መቆየት ስለማይገባው ወዲያውኑ ይፈታ ብለናል። የመሐል ዳኛዋ እኔ ነኝና ያነበብኩትም እኔው ነኝ። ትዕዛዙ በተላላኪያችን እጅ ወደ እናንተ ከተማ ተነሥቷል።

አንተ ምክትል ነህ። ትዕዛዙ የተጻፈው ለኃላፊው ነው፤ አንተን አይነካህም። እራትህን ብላና ተኛ።

ስልክ አትደውልልኝ። ሰሞኑን ስልኬ ውስጥ ከእኔና ከደወለልኝ ሰው ሌላ የሚተነፍስ አለ። በሹፌሩ በኩል ጻፍልኝ።

እህትህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እትዬ፣

ሹፌሩ የእኔን ጉንጭ ከሚለካ መንገዱን ቢያይ ይሻለዋል በይልኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿ ጥርሷን ነቅላ ለአክስቴ ላኩላት ብላ አልቅሳ ነበር፤ ሹፌሩ ይጥለዋል ብለን ነው ያስቀረነው።

ተነሥቷል ያልሽው ተላላኪያችሁ ደርሷል። ግን አልገባም። እኛ ዘንድ ወረቀት ወረቀት የሚሆነው በር ላይ ተቀብለው ማኅተም ሲያሳርፉበት ነው። አለቃዬ ሠራተኞቹን «መዝገብ ቤቱን ቆልፋችሁ ምሳ ውጡ» አላቸው፤ እነሱም ወጥተው ቀሩ። ተላላኪያችሁ ማህደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱ ስመጣም እዚያው ነው። አለቃዬ «ያልደረሰኝን ትዕዛዝ ጣስክ ሊሉኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ከላይ ተደውሎለታል። እኔ እዚያው ክፍል ነበርኩ። እንደ ተማሪ ብድግ ብሎ ግድግዳውን እያየ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» ሲል ቆየና፣ ድፍረት አግኝቶ «በጽሑፍ ይደርሰኝ ይሆን?» አለ። ስልኩ ተዘጋ። መልሶ ሲያስቀምጠው ጣቶቹ እጀታው ላይ ላባቸውን ትተው ነበር።

የፎቶ አንሺውን እናት ነግሬሽ አላውቅም። በየጉብኝቱ ቀን የልጃቸውን ልብስ አጥበው፣ ተኩሰው፣ በነጠላ ቋጥረው ይመጣሉ። ትናንት ጫማ ጨምረው መጡ። እስር ቤት ጫማ ምን ያደርጋል፤ ለመንገዱ ነው። «ልጄ፣ የምትከፍተው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እኔ ምክትል ነኝ» አልኳቸው። ብዬም እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቴ አፈርኩ።

አለቃዬ ዛሬ አልገባም፤ አሞኛል ብሏል። ሌላ ወሬ የለም።

ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጭምቱ፣

«ሌላ ወሬ የለም» ካልከው ጎን ቀለሙ ፈስሶ ጠብታ ሠርቷል። እዚያ ላይ ብዕርህን አቁመህ ያሰብከው ነገር አለ። ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አትሁንብኝ፤ እኔ የሰው ዓይን እያየሁ እንጀራዬን የምበላ ሴት ነኝ።

ተላላኪያችን ተመልሶ መጥቶ በመሐላ ቃሉን ሰጠ። አግዳሚው ላይ አድሮ፣ የሚቀበለው ሲያጣ ትዕዛዙን በምስክር ፊት ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት ነው የተመለሰው። እኛም በር ዘግቶ አልደረሰኝም ማለት አይቻልም አልን። ኃላፊው ታስሮ ይቅረብና ለምን ችሎት እንደደፈረ ያስረዳ ብለን ወስነናል። ቀኝ ዳኛው ብዕሩን ሁለቴ አስቀምጦ አነሣው። ፈረመ ግን።

ሬጅስትራሯ «የኃላፊውን ስም ማን ብዬ ልጻፍ?» ስትለኝ፣ ስም አንጽፍም፣ የታዘዘው ወንበሩ ነው፣ ማንም ይቀመጥበት አልኳት። ይሄ የቆየ ልማዴ ነው፤ አንተንም የአለቃህን ስም ጠይቄህ አላውቅም። ስም ያወቅኩ ለት ፊት ይታየኛል፤ ፊት ከታየኝ ደግሞ ወይ እራራለሁ ወይ እከፋለሁ። አለቃህ ከፈለገ በቃሬዛ ይምጣ፤ ትዕዛዝ ሲመጣ የሚመጣ በሽታ አላዝንለትም።

አልፈራሽም ወይ ትለኝ ይሆናል። እፈራለሁ እንጂ። እኛ ዳኞች ያለን ወረቀትና ድምፅ ነው፤ ክንዱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ወረቀቴን ይዞ ሰው የሚያመጣልኝ ፖሊስ ደመወዙንም ትዕዛዙንም የሚቀበለው ከእነዚያው ሰዎች ነው። ክንዱ አልነሣም ያለ ቀን እኔ ካባ የለበሰች አሮጊት ነኝ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ታርጋ የሌላት መኪና መቆም ጀምራለች። ውስጧ ሁለት ሰዎች መስኮት ዝቅ አድርገው ብርቱካን ይልጣሉ። እማዬ «ምነው እንግዳ ደጅ ይቀመጣል? ውሃ እንኳ እናድርስላቸው» ትላለች። ማሰሮውን ከእጇ ነጥቄ በሩን ቆለፍኩት።

የደበቅከኝን ጻፍልኝ።

እህትህ


ዓርብ፣ ጥቅምት 22

እትዬ፣

ኃላፊው እኔ ነኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔም ከጥበቃዎቹ በኋላ ነው የሰማሁት። አለቃዬ ያመመው ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ተጠባባቂ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ትቶልኝ ሄዷል። ወረቀቱ የቢሮ ቁልፍ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የሻይ ቤት ሒሳብ ሁሉ ያስረክበኛል፤ ማኅተሙን ግን አያነሳም። ማኅተሙን ኮቱ ኪስ ከቶ ነው የታመመው። ያለ ማኅተም ደግሞ የመፍቻ ወረቀት በር ላይ አያልፍም። የበር ጥበቃው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

ባለፈው የጠብታዋ ቦታ ላይ ይሄንን ልጽፍልሽ ነበር። ብነግራት እጇን ይይዛታል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ባይይዛትስ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ሁለት ፍርሃት መሐል ተቀምጬ ሳለ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

አሁን የሚደወለው ለእኔ ነው። ሰውየው ስሙን አይናገርም። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ መጀመሪያ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራ ጤንነታቸውን ይጠይቀኛል። ከዚያ «ፎቶ አንሺው ከወጣ አንተ ትገባለህ» ይለኛል። በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኩት። «አንተ ደግሞ ቀልደኛ ነህ» ብሎ ዘጋው። እንግዲህ ባልከፍት በአንቺ ትዕዛዝ እታሰራለሁ፤ ብከፍት በእሱ። በየትኛውም በር ብወጣ የምገባው እዚያው ነው።

ባለቤቴ ሳትጠይቀኝ የልጆቹን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ታስቀምጣለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል፣ እኔም ቸግሮኝ ነው መሐላችንን አፍርሼ የምጠይቅሽ። ልጆች ሆነን ወንዙ ላይ የተጋደመውን ግንድ ስንሻገር፣ አንቺ ቀድመሽ ወዲያ ማዶ ቆመሽ «ና» ትይኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እመጣ ነበር። አሁንም አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ክፈት ወይ አትክፈት በይኝ። ዳኛዋን አይደለም፣ እህቴን ነው የምጠይቀው።

ወንድምሽ


እሑድ፣ ጥቅምት 24

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ አነበብኩት። እማዬ አትሰማም፤ ግን ፊቴን ታነብባለች።

ትናንት ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጻፍኩ፤ ታስሮ ይቅረብ ያልኩት ሰው የእናቴ ልጅ ነውና ከዚህ መዝገብ ልነሣ አልኩ። ሕጉ ነው፤ ተነሣሁ። በእኔ ቦታ የተተካው ዳኛ ከላይ ደብዳቤ ሲመጣለት ብድግ ብሎ ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው። ይህንን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። የነበረው ትዕዛዝ ግን አልተሻረም። እንዳለ አለ።

አንዲት ቃል ጻፊልኝ ብለሃል። አልጽፍልህም። ክፈት ብልህ ነገ «እህቱ አስከፈተችው» ይባላል። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ መሆኑ ይቀርና የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺውንም በዚያው ሰበብ መልሰው ያስገቡታል። አትክፈት ብልህ ደግሞ ካባዬን አውልቄ ለወለል መወልወያ ልስጥ። የምለው ሁሉ እዚያው ድንጋይ የተጫነበት ወረቀት ላይ አለ። እሱን ስጽፍ የማንም ፊት አልታየኝም ነበር። አሁን ያንተ ፊት እንጂ ሌላ አይታየኝም፤ ስለዚህ አሁን የምናገረው አይታመንም።

አባታችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲል ትዝ ይልሃል? ስንት ጊዜ ችሎት ላይ ተናግሬዋለሁ። ለካ በቅሎው የራስ ሲሆን አፍ ላይ አይቀልም።

ፈርቻለሁ፣ ጭምቱ። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የበሩን መቀርቀሪያ እዳብሳለሁ። እወድሃለሁ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቻለሁ፤ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር። እንግዲህ እንደምወድህም በሕግ ታወቀ።

እህትህ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩብሽ። አይ የእኔ እህት፣ ለውጭ ሰው የምትናገሪው ሞልቶ ተርፎሻል፤ ለእኔ አንዲት ቃል አነሰሽ አልኩ። ወርውሬውም ነበር። ባለቤቴ ከወለል ላይ አንስታ አንብባ፣ «ትዕዛዙን ግን አንተ አንብበኸዋል?» አለችኝ።

አላነበብኩትም። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስለ እሱ ተደውሎልኛል፣ ተዝቶብኛል፣ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ፤ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ማንም አላነበበውም። ሄጄ ድንጋዩን አነሣሁ። ዝናብ ነክቶት ዳሩ ተጨማድዷል። አንድ ገጽ ተኩል ናት። ውስጧ እኔ የለሁም፤ አንቺም የለሽም። አንድ ሰው ያለ ክስ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠና በየትኛው አንቀጽ መውጣት እንዳለበት ብቻ ነው የሚለው። የገረመኝ፣ ምንም አያስፈራም።

ማኅተም የለኝም። ስም ግን አለኝ።

ነገ ከቁርስ በኋላ ነው። ልጆቹን በሹፌሩ አውቶቡስ እልካለሁ፤ ትንሿን መኪና ያጥወለውላታል፣ ከፊት ወንበር ትቀመጥ። ወፍራሙ ኮቴ ከሻንጣው ጋር ይመጣል፣ ይዘሽ አቆዪልኝ። ለእማዬ የግምጃ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል በያት።

ፊደሌ ለምን እንደሚወላገድ አትጠይቂኝ፤ ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ


ሰኞ፣ ኅዳር 2

ወንድሜ፣

በማን እጅ እንደምልከው ሳላውቅ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ሹፌሩ ከሐሙስ በኋላ የላክኩልህን ደብዳቤ እንደታሸገ መልሶልኛል፤ ቤትህ ተቆልፏል አለ። ሚስትህና ልጆችህ እኔ ጋ ናቸው። ትንሿ ጥርሷን ራሷ ይዛልኝ መጥታለች። ሚስትህ አታለቅስም፤ ቤቱን በሙሉ ትወለውላለች፣ ደርቆ ሳያበቃ መልሳ ትወለውላለች።

ዓርብ ዕለት ፎቶ አንሺው ችሎት መጣ። ጫማው ተወልውሎ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እስክንነሣ ጠበቀኝና ኮሪደር ላይ ነገረኝ። የመፍቻውን ወረቀት ከነአባትህ ከነአያትህ ስምህን ጽፈህ ፈረምክበት አለኝ። የበር ጥበቃው «ጋሼ፣ ማኅተሙስ?» ሲልህ «ማኅተሙ ታሟል» አልከው አሉ። እዚህ ላይ ሳቅኩ፣ ሰው ፊት፣ ካባዬን እንደለበስኩ። ከዚያ የሰውየውን ቋጠሮ አንተ ተሸክመህ ከነእናቱ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘሃቸው። አውቶቡሱ ሲነሣ በኋላ መስኮት ዞሮ ሲያይ ታርጋ የሌላት መኪና አጠገብህ ቆመች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ታጠፈና አላየም። «ካሜራዬን አልመለሱልኝም ነበር» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እዚያው ማረሚያ ቤት እንደመለሱህ የሰማነው ቅዳሜ ነው። አለቃህ ለተሻለ ሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ተጠባባቂ የሆነው የፈረቃ ኃላፊህ ነው አሉ። ሚስትህ ዛሬ ጠዋት አቤቱታ አቀረበች። እኔ ከውጭ፣ እንደማንኛውም ባለጉዳይ፣ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኩ። ያ ቆሞ የሚያነብ ያልኩህ ዳኛ ተቀምጦ «ይፈታ» ብሎ ፈረመ። አምቼዋለሁና ይቅር ይበለኝ። ሬጅስትራሯ «ስም ማን ልበል?» ብትለው፣ «የታዘዘው ወንበሩ ነው» አለ አሉ።

ተላላኪያችን ከሰዓት ተነሥቷል። ምሳ አስሬለታለሁ፤ አግዳሚውን ስለሚያውቀው ትራስም ያዝ ብዬዋለሁ። ይህችን ደብዳቤ ወደ እናንተ ከተማ ለተመለሱት ለፎቶ አንሺው እናት እንዲሰጣቸው አደራ ብያለሁ። እባክህ በሕይወት ሁንልኝ። ሌላ የምለምንህ የለም።

እህትህ


ሰኞ፣ ኅዳር 9

እትዬ፣

ደህና ነኝ። አንዴ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ልብ በይ።

ልብሱን ማን ያጥብለታል ብለሽ እንዳትጨነቂ። የፎቶ አንሺው እናት ልጃቸው ከወጣም በኋላ ተመልሰው በየጉብኝቱ ቀን ይመጣሉ። ጥበቃዎቹ «እማማ፣ ልጅዎ ወጥቶ የለም እንዴ?» ሲሏቸው «ይሄኛውም የእኔው ነው» ይላሉ። ደብዳቤሽ በሸሚዝ አንገትጌ ውስጥ ገባ፤ ይሄም በዚያው ይወጣል። ባለፈው ጫማ ጨምረው አመጡልኝ። አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ እሱን ለማየት እንኳ እፈራለሁ።

ያለሁት ሰባት ቁጥር ነው፣ ፎቶ አንሺው የነበረበት። የበሩ ማጠፊያ እየጮኸ ስላስቸገረ አምና ግራሶ ያስቀባሁት እኔ ነበርኩ። አሁን ሲከፈት ድምፅ የለውም። ሌሊት ሲመጡ አይሰማኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ስለ ሌሊቱ ግን አትጠይቂኝ፤ ሆድ ይፍጀው።

ተላላኪያችሁ በሩ ላይ አግዳሚው ላይ መሆኑን እማማ ነግረውኛል፣ ከነትራሱ። ተጠባባቂው፣ ልጅ ሆኖ ሲቀጠር ቁልፍ አቆጣጠር ያስተማርኩት የፈረቃ ኃላፊዬ፣ ትናንት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብሎ ነበር አሉ። ግን ከሱ በታች ተጠባባቂ የሚሆን ሰው አልቋል። ቢታመምም ወንበሩ ላይ ነው የሚታመመው። ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣ። በበሩ መስኮት ፊቱን አየሁት፤ ያለቀለት ሰው ፊት ነው። ስልኩ ሲደወል ምን እንደሚሉት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ የእሱም ልጆች ስም አላቸው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ያን ዕለት አልፈሩም?»

«ፈራሁ» አልኩት።

«ሲከፍቱስ?»

«ስከፍትማ ባሰብኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉ ሁለቴ ቀዳዳውን ሳተ።»

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ገባ። ቁልፍ እኮ የፈራ እጅና ያልፈራ እጅ አይለይም፤ ካዞርከው ይዞራል።»

«ወረቀቱን አነበብከው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አላነበበውም። «አጭር ናት፣ አንብባት» አልኩት። የበሩን መስኮት ዘግቶ ሄደ።

እትዬ፣ አንዲት ቃል ስለከለከልሽኝ አልተቀየምኩሽም። ያን ጊዜ «ና» ብትዪኝ ኖሮ መጣሁ የምለው አንቺ ጋ ነበር። አሁን ማንም ሳይጠራኝ ነው የተሻገርኩት። እየፈራሁ፣ ዓይኔን ገልጬ።

ምሳ ተሰጥቶን ሳህኑ ተሰብስቧል። የጉብኝት ቀን አይደለም። ሌሊትም አይደለም። ኮሪደሩ ላይ የአንድ ሰው እርምጃ ይሰማኛል፤ እየቀረበ ነው። ከበሬ ፊት ቆመ። ቁልፉን አወጣ። ሳተ። ደግሞም ሳተ።